ለልጄ አዋላጅ የመረጥኩባት አንዲት ጥያቄ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ጫማ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው ልጄ ምሕረት ጓሮ ልትወጣ ስትል የራሷን ጫማ ትታ የእኔን ነጠላ ጫማ አጠለቀች። እኔ ረጅም ሰው ነኝ፤ እግሬም እንደ ቁመቴ ነው። እሷ ደግሞ በእናቷ የወጣች፣ እግሯ ትንሽ የሆነ ልጅ ናት። ጫማዬ ግን ልክክ ብሎ በቃት።

«ምነው የእኔን?» አልኳት።

«አዋ፣ የእኔማ እንቢ ካለኝ ሰነበተ» አለችኝ እየሳቀች። አዋ በእኛ በወላይትኛ አባት ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ሚስቱ፣ እህቱ ወይም ልጁ ላረገዘችበት ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ትምህርት ቤት ገብቼም አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከሞተር ዘይት ጣሳና ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። የናፍጣ ወፍጮ መጠገንም ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ ግን ከሶዶ እስከ ቢጠና፣ ከአረካ እስከ ቦዲቲ፣ ሌላው መካኒክ ሁሉ ሞክሮ ያቃተው ወፍጮ ሲኖር የሚጠራው እኔን ነው። ለጉራ አይደለም፤ ያላመነ ሄዶ ባለወፍጮዎቹን ይጠይቅ። ይህን ያነሳሁት ልጄን ያተረፋት ከዚሁ ሙያዬ ያገኘሁት አንድ ዘዴ ስለሆነ ነው።

ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ ሊገባ ሲል ወፍጮዎች ያለ እረፍት ይሠራሉ፤ ስለዚህ ይበላሻሉ። እኔም ቢጠና ተጠርቼ ያረፍኩት እዚያው ባለትዳር ሆና በምትኖረው በምሕረት ቤት ነበር። ባሏ ታምራት አስተማሪ ነው፤ ያን ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር የበዓል በሬ ሊገዛ ሶዶ ሄዶ ነበር። ቤት የነበሩት እሷና አማቷ ብቻ ናቸው።

«ፊቷን አይተውታል?» አለችኝ አማቷ። «ያየ ሁሉ አማረብሽ ይላታል። እኛ ቤት እንደሆነ ቅቤ አይጠፋም!»

በእኛ አገር በበዓል ሰሞን የሞላ ፊት ለሴቲቱም ለቤቱም ክብር ነው። የጎረቤት ሴቶች እየገቡ ጉንጯን ቆንጠጥ ያደርጉና አማቷን ያመሰግኑ ነበር። አንዳቸውም ወደ እግሯ አልተመለከቱም። እኔ ግን ተመለከትኩ። አጠገቤ አስቀምጬ የእግሯን አገዳ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ ቀረ፤ ልክ ግሪስ ላይ እንዳረፈ ጣት። ወዲያው ጨው እንድትተው አዘዝኳት።

በማግስቱ ጠዋት ራሷን እንዳመማት ነገረችኝ። ቁርስ ቀረበ፤ አልበላሁም። ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ፤ እንደገና ተነሳሁ።

«የምሕረት አባት፣ ወንበሩ ቆረቆረዎት እንዴ?» አለች አማቷ።

«ማነው የሚከታተላት?» አልኳት።

ሁለት ሰው ተነገረኝ። አንዷ አማቷ የምታምናት የሰፈሩ የልምድ አዋላጅ ናት። ሁለተኛው ደግሞ ታምራት ሁለት ጊዜ የወሰዳት ሶዶ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ምሕረት ከክሊኒኩ ያመጣችውን የአልትራሳውንድ ፎቶ በኩራት አሳየችኝ። ገልብጬም አቃንቼም አየሁት፤ ደመና ይመስላል።

«ክንድሽን አስረው ግፊትሽን ለክተውሻል?»

«እንጃ፣ አላስታውስም። ሕፃኗ ደህና ናት ብለው ፎቶዋን ሰጡን።»

አሁን ዘዴዬን ልንገራችሁ። ባለወፍጮዎች መካኒክ ሲመርጡ «ምን ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ከንቱ ጥያቄ ነው፤ ማንም ሁሉን አውቃለሁ ይላል። እኔ የምመክራቸው እንዲህ ብለው እንዲጠይቁ ነው፦ «የማትችለው የቱን ነው? ያኔስ ማን ጋ ትልከኛለህ?» ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ ያለው ሰው የእጁን ልክ ያውቃል። እኔ ራሴ የናፍጣ ፓምፕ አልፈታም፤ ሐዋሳ እልካለሁ። የማልችለውም ያንን ብቻ ነው።

ተነስቼ ወጣሁ። የልምድ አዋላጇን እንሰት ስትፍቅ አገኘኋትና ጥያቄዬን አቀረብኩላት። «ጌታ ይመስገን፣ እስከ ዛሬ ያቃተኝ የለም» አለችኝ። ቅን ሴት ናት፤ የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደችው እሷ ናት። ያ ግን መልስ አልነበረም። መንገድ ላይ ቆሜ ክሊኒኩ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ድምፁ የለሰለሰ ነው። «አባባ፣ በፍጹም አይጨነቁ፤ ሁሉም ነገር እኛ ጋ አለ። ለበዓሉ ብቻ ነው የምንዘጋው» አለኝ። ምጥ በዓል ያከብራል እንዴ? ስልኩን ዘጋሁ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወፍጮውን ጨርስልን የሚሉት ሰዎች ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር፤ አላነሳሁላቸውም። እግሬ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደኝ።

ሲስተር ዘነበች የምትባል ሚድዋይፍ ማዋለጃው ክፍል በር ላይ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። ወጣት ናት፤ ስትናገር ትፈጥናለች።

«ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከአቅምሽ በላይ የሚሆነው ምንድን ነው? ያኔስ የት ትልኪያለሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ከወረዳ ነው የመጡት?»

«ከወፍጮ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ አፍታም ሳታስብ ነገረችኝ። «ቀዶ ሕክምና አልሠራም። ደም የለኝም። ጊዜው ሳይደርስ ለሚወለድ ሕፃን የሚሆን ክፍል የለኝም። ግፊት ከፍ ሲል የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥቼ ወደ ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል፣ ሪፈር እላለሁ። የአምቡላንሱ ሾፌር ስልክ ያውልዎት ግድግዳው ላይ። በበዓልም ያነሳል፤ ካላነሳ ሚስቱን አውቃታለሁ።»

«በቃ፣ አንቺ ነሽ» አልኳት።

«ምኑ ነኝ?»

«የልጄ አዋላጅ።»

«ታዲያ ልጅዎ የታለች? እሷን ቤት አስቀምጠው እኔን ሊፈትኑ መጡ?»

ስለ እግሯ፣ ስለ ፊቷ፣ ስለ ራስ ምታቷ ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ።

«ጨው እንዳትነካ አዝዣለሁ» አልኩ።

«እርስዎን ማን አዘዘዎት? ይህ በጨው አይመጣም፣ በጨውም አይሄድም። ሄደው ያምጧት። አሁኑኑ!»

ስለ ጨው ማንም ሊሳሳት ይችላል። ስለ አዋላጅ ግን አልተሳሳትኩም።

ቤት ስደርስ አማቷ በሩ ላይ ቆመች። «ዓመት በዓል ደርሶ? ሰው ምን ይለናል? ወፈረች ተብሎ ሐኪም ቤት ይኬዳል?» እኔ ንግግር አላንስም፤ መልሴን ልጀምር ስል የምሕረት ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«አዋ፣ ልጅ ሆኜ ስትበይድ ያለ መነጽር ሳይ ዓይኔ ላይ የሚቀረው ብልጭታ ትዝ ይልሃል? አሁን አለ። ማንም እየበየደ አይደለም፤ ግን አለ።»

አማቷ ነጠላዋን ከግድግዳው ላይ አወረደች። «ባጃጅ ጥራ» አለችኝ። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት።

ግፊቷ መቶ ሰባ በመቶ አስር ነበር። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ተገኘ።

«ፕሪኤክላምፕሲያ ነው» አለች ሲስተር። «በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ኩላሊትንም ጉበትንም ይነካል። ያበጠችው በቅቤ አይደለም።»

አማቷ አንገቷን ደፋች።

ሲስተር መርፌውን ስታዘጋጅ ምሕረት ዝም አለች። ዓይኗ ተሰቀለ። መንጋጋዋ ገጠመ። እጇ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መላ አካሏ። ስሟን ጠራሁ። አልሰማችኝም። ደግሜ ጠራሁ።

ሲስተር አልጮኸችም። በግራ ጎኗ አዞረቻት። ኦክስጅን አደረገችላት። «እንዳትወድቅ ብቻ ይጠብቋት። አይጫኗት» አለችኝ። ማግኒዚየም ሰልፌት ሰጠቻት። መጀመሪያ በደም ሥር። ከዚያ መቀመጫዋ ላይ፣ በግራም በቀኝም።

መንቀጥቀጡ ቆመ። በዕድሜዬ ብዙ ሞተር ሲቆም ሰምቻለሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ተነፈሰች።

አምቡላንሱ መጣ፤ ሲስተርም ከእኔና ከአማቷ ጋር አብራ ተሳፈረች። መንገዱ ኮረኮንች ነው። እኔ በየመታጠፊያው እየተነሳሁ «ትተነፍሳለች?» እላለሁ። «ትተነፍሳለች።» ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እነሳለሁ።

«አባባ፣ ይቀመጡ! መኪናውን እርስዎ አይገፉትም» ብላ ተቆጣችኝ። ለእኔ እንዲህ የሚናገር ሰው ብዙ የለም። ተቀመጥኩ። ወዲያው ግን ተነሳሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሲስተር የሰጠችውን መርፌና የምሕረትን ግፊት ለሐኪሟ በጥቂት ቃል ነግራ አስረከበቻት። ታምራት ተደውሎለት ከከብት ገበያ በቀጥታ፣ ጫማው ጭቃ እንደሆነ እየሮጠ ደረሰ። ሐኪሟ ሁለታችንንም አቆመችን።

«የዚህ በሽታ መድኃኒቱ መውለድ ነው» አለች። «ሕፃኗ ቀኗ አልደረሰም። ግን መቆየት ለሁለቱም አደጋ ነው። ቀዶ ሕክምና እንሠራለን።»

«ሁለቱም ይተርፋሉ?» አለ ታምራት።

«ለሁለቱም ነው የምንሠራው» አለች። ከዚህ በላይ ቃል አልሰጠችም። እኔ በበኩሌ ያኔ ይበልጥ አመንኳት።

ልጄ ገባች። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ተመላለስኩ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። ውጪ ወጥቼ የጄኔሬተሩን ድምፅ አዳመጥኩና ጤነኛ መሆኑን ለጥበቃው ነገርኩት። «እሺ አባባ» አለኝ። ተመለስኩ። በሩ እንደተዘጋ ነው። ጸለይኩ፤ ቆሜ ነው የጸለይኩት።

ሴት ልጅ ተወለደች። አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። ምሕረት በሕይወት አለች፤ ነገር ግን አልነቃችም። ሐኪሟ «ከወለደችም በኋላ አደጋው ወዲያው አያልፍም፤ መርፌው ይቀጥላል፤ ከዓይናችን አትርቅም» አለችን።

ሕፃኗ በራሷ ትተነፍስ ነበር፤ የጎደላት ሙቀት ነው። ነርሷ የካንጋሮ እንክብካቤ እንደሚያስፈልግ ነገረችን፤ ሕፃኑ ራቁቱን በሰው ራቁት ደረት ላይ ተጣብቆ በጨርቅ ይታሰራል። እናቷ አልቻለችም። ታምራት መድኃኒት ሊገዛ ወጥቷል። አማቷ ጉንፋን ይዟት ታስላለች። ነርሷ ዞር ዞር አለችና እኔ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ደረትዎ ሰፊ ነው።»

«በሶዶ የሚወዳደረው የለም» አልኳት።

«ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል ግን። በሳሙና ይታጠቡና ይምጡ፤ ይህቺን ልጅ ወፍጮ ሊያደርጓት ነው እንዴ?»

ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ልጅቷን ደረቴ ላይ አስራ በጋቢ ሸፈነችንና «አሁን ይቀመጡ። እንዳይነሱ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ከቀዳሚው ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩ ማለት እችላለሁ። ከእኔ አውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ እግር ሆዴን ይገፋኝ ነበር። ብነሳ ሙቀቷ ይሄዳል፤ ስለዚህ አልተነሳሁም። ነርሷ ሙቀቷን ስትለካ «ጥሩ ነው» አለች፤ እኔ ይህን ቀድሞም አውቅ ነበር።

ምሕረት ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሕፃኗ ነበር፤ አማቷ «አባትሽ ጋቢ ውስጥ ናት» ስትላት አላመነችም፤ ባለቤቴ ከቤት ደርሳ እኔን በዚያ ሁኔታ ስታየኝ «ይህ ሰውዬ ሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልተቀመጠም» ብላ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ በኋላ ቀናቱ ቀስ እያሉ መልካም ሆኑ፤ ግፊቷ በመድኃኒት ወረደ፣ እብጠቷ ከፊቷ ጀምሮ ሟሸሸ፣ ሕፃኗን ከእኔ ደረት ወደ ራሷ ደረት ተቀብላ ማጥባት ጀመረች፣ ጊፋታንም እዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ታምራት ባመጣልን ሥጋና በሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ አከበርን። ቤት ከገባችም በኋላ የግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ በቀጠሮዋ ሳትቀር እየተለካች ቆይታ፣ ሐኪሟ በቃሽ ስትላት ብቻ አቆመች፤ እንደገና ስታረግዝ ገና ከመጀመሪያው እንድትናገርና ወደፊትም ግፊቷን እየተለካች እንድትኖር ተነግሯታል።

አማቷ አሁን ሌላ ሰው ሆናለች። ቢጠና ውስጥ ያረገዘች ሴት ብታገኝ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ አጎንብሳ እግሯን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ጉድጓድ ከቀረ ክንዷን ይዛ ጤና ጣቢያ ነው። የልምድ አዋላጇም አብራት ትሄዳለች፤ እጇን የሚያምኑ ሴቶች አሉና ቃሏን ይሰማሉ። የእግር እብጠት በብዙ ነፍሰ ጡር ላይ ያለ ነገር እንደሆነ ሲስተር ነግራናለች፤ ቢሆንም መለካት አይጎዳም። ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታት እንቢ ካለ፣ ዓይን ላይ ብልጭታ ወይም ብዥታ ከመጣ፣ ከጎድን በታች ሆድ ካመመ ግን ነገ አትበሉ። በዓልም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሂዱ። የፎቶ ማማር አያታልላችሁ፤ በየቀጠሮው ክንዷ መታሰሩን፣ ሽንቷ መታየቱን ጠይቁ። አዋላጅ ስትመርጡም ምጥ ሳይመጣ በፊት ሄዳችሁ ያቺን ጥያቄዬን ጠይቁ። የምትልክበትን ቦታና የምትጠራውን አምቡላንስ ሳታመነታ የምትነግራችሁን ምረጡ። ጥያቄዋን እኔ እንዳመጣኋት መናገር ግዴታ የለባችሁም፤ ብትናገሩ ግን አልጠላም።

እግዚአብሔር ይመስገን። መርፌዋን በጊዜው ለሰጠችው ለሲስተር፣ ያልጨበጠችውን ቃል ላልሰጠችን ሐኪም፣ በሳሙና ላሳጠበችኝ ነርስ፣ ነጠላዋን ላወረደችው ለምሕረት አማት ምስጋናዬ ይድረሳቸው። የሲስተርን የእህል ወፍጮ፣ የእናቷን ማለቴ ነው፣ በነጻ ጠግኜላቸዋለሁ፤ ከአገሩ ሁሉ የተሻለ ይፈጫል።

የልጅ ልጄ ፀጋነሽ አሁን ትራመዳለች። የእኔን ነጠላ ጫማ እየጎተተች በግቢው ትዞራለች፤ ሁለት እግሯ በአንዱ ጫማ ይገባል። ሲደክማት እኔ የትም ልሂድ፣ የማንም ወፍጮ ይቁም፣ ሱሪዬን ይዛ ወደ ታች ትጎትተኛለች። ደረቴ ላይ መተኛት ለምዳለች።

እኔም እቀመጣለሁ።