የጋሽ ፍሬን ክንድ

እርሳስ የምንላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቀጭን ናት፤ ነፋስ ሲነሳ እናቷ ሮጣ በር ትዘጋባታለች። ሁለተኛ፣ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ተሰክቶ አይጠፋም፤ አንዴ እናቷ ስታበጥራት ለወራት የጠፋ መቀስ ተገኝቷል ይባላል። የአኒሜሽን ተማሪ ናት። አኒሜሽን ማለት ባጭሩ፣ የተሳለ ሰው እጁን እንዲያነሳ የራስህ እጅ እስኪዝል መሳል ነው።

የመመረቂያ ፊልሟ ስለ ራሷ ነው። ልጅ ሳለች አጎቷ እየነዳ፣ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጩ። አጎቷ ክንዱ ተሰበረ እንጂ ሁለቱም ተረፉ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ጋቢና ተቀምጣ አታውቅም። የታክሲው ባዶ ቦታ ጋቢና ብቻ ከሆነ ከተማውን በእግሯ ታቋርጣለች። አጎቷም መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም። በሰው መኪና ሲሳፈር ግን ቀኝ እግሩ ወለሉን ሲረግጥ ይውላል፤ ጋሽ ፍሬን የተባለው ለዚህ ነው። የጎረቤታችን መኪና ወለል የተበሳው በዝገት አይደለም ብሎ የሚምል አለ።

ፊልሙ አንድ ትዕይንት ቀረው፤ ልጅቷ እንደገና ከሹፌር አጠገብ ስትቀመጥ። እርሳስ ደጋግማ ሳለች፣ ደጋግማ ደመሰሰች። የላጲሱ ብናኝ ከመብዛቱ እናቷ በረዶ ጣለ ብላ ልብስ ልታወርድ ወጣች። መምህሯ አይቶ፣ «ይቺ ልጅ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጠችው? ሰው አስቀምጠሽ ቅረጪና እያየሽ ሳዪ። ለዓርብ ካልደረሰ ግን ፊልሙ ግጭቱ ላይ ያበቃል» አላት።

«ግጭቱ ላይ ካበቃማ እኔም እዚያው ቀረሁ» አለችና አጎቷ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ሹፌር ሁንልኝ።»

«እኔ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«መኪና የለውም። የወጥ ቤት ወንበር ነው።»

«ወንበሩ ኢንሹራንስ አለው?»

ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተደረደረ። የድስት ክዳን መሪ ሆነ። ስልኳን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፋ መቅረጽ ጀመረችና በአጎቷ ቀኝ ተቀመጠች።

«ክዳኔን እንዳታጣምመው፤ ኩርባ ላይ ቀስ በል!» አለች እናት።

ጋሽ ፍሬን በአፉ ሞተር አስነሳ። ወዲያው እናት የሽንኩርት ቅርጫት ይዛ ፊቱ ድንቅር አለች። ፍሬን! ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

እርሳስ እዚያው ቅጂውን ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ምስል በምስል አየችው። እግሩ ወለሉን ከመንካቱ በፊት ቀኝ እጁ ክዳኑን ለቆ በሷ ደረት ፊት ተዘርግቷል። መልሳ አየችው። ያው ነው። በግጭቱ የተሰበረው ቀኝ ክንዱ ነበር። እሷ ግን ግጭቱን ስትስል የሹፌሩን ሁለት እጆች መሪው ላይ ነበር ያደረገቻቸው፤ የምታስታውሰው ፊት ለፊት የመጣውን የጭነት መኪናና የመስታወቱን ድምፅ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ክንድህ የት ነበር?»

«ከጭነት መኪናው ጋር ሲጨባበጥ።»

«ጋሼ!»

ጋሽ ፍሬን ክዳኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «አንቺ ፊት ነበራ። የት ይሂድ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያጋጨሁሽ እኔ፣ ያዳንኩሽም እኔ ልበል? ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ልታደርጊኝ ነው!»

«የጭነት መኪናው እኮ ነው መስመሩን ለቆ የመጣብን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስንት ወር ሙሉ ስስለው ነው የከረምኩት!»

ጋሽ ፍሬን ያኔ የለቀቀው ትንፋሽ መጋረጃውን አነሳው። ዓመታት የታፈነ ትንፋሽ ነዋ።

እርሳስ ከግጭቱ ትዕይንት መሪው ላይ የነበረውን ቀኝ እጅ ደምስሳ በልጅቷ ፊት የተዘረጋውን ክንድ ሳለች። የመጨረሻው ትዕይንት ልጅም ከእሾኋ ተነስታ ወንበር ላይ በወጉ ተቀመጠች። ዓርብ ፊልሙ ታይቶ ሲያበቃ አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ፍሬን ዓይኑን ጠራርጎ፣ «የሹፌሩ ሆድ በዛ» አለ።

ሲወጡ የመጣው ታክሲ ከኋላ አንድ፣ ጋቢና አንድ ቦታ ነበረው። እርሳስ የበሩን እጀታ ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ጋቢና ገባች። ጋሽ ፍሬን ከጀርባዋ ተቀመጠ። ገና የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ ክንዱ በወንበሩ ላይ አልፎ ፊቷ ተዘረጋ።

«አባቴ፣ ልጅቷን ይልቀቋት እንጂ፤ ቆመናል እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«አንተ ንዳ» አለው ጋሽ ፍሬን። «ፍሬኑን ለኔ ተወው።»