የጎሚስታው ጺም

ሰዉ ሁሉ «ሼህ ሀምዱ» ይለዋል እንጂ ባሌ ሼህ አይደለም። ጎሚስታ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ ሲለጥፍና ሲነፋ ነው ዕድሜው ያለቀው። ቁርአን የቀራው ልጅ ሆኖ ነው፤ እሱንም ከመንገድ አቋርጦታል። ሼህ ያደረገው ጺሙ ነው። ደረቱ ድረስ የወረደ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ጺም ነበረው፤ ሐቁን ተናገሪ ካላችሁኝ እኔም መጀመሪያ የወደድኩት ጺሙን ነው።

ጺሙ ያመጣለትን ክብር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሰርግ ቤት ስንገባ «ኧረ ሼሁን ወደ ላይ አሳልፉ!» ይባላል። የታመመ ሰው ሲኖር «ሼህ ሀምዱ ዱዓ ያድርጉልን» ይባላል፤ እሱም የሚያውቃትን አንዷን ዱዓ ረጋ አድርጎ ይላታል፣ ሰዉ «አሚን!» ይላል። በዒድ በሬው ተጥሎ ቢላዋ ሲወጣ ሸሸት ይልና ፊቱን ያዞራል። «አያችሁ፣ ልቡ እንዴት እንደሚራራ! የአላህ ሰው!» ይሉታል። እኔ ሚስቱ ግን አውቀዋለሁ። ሀምዱ ስለት ይፈራል። ሽንኩርት ስከትፍ ማድ ቤት ድርሽ አይልም። ጎማ የሚለጥፍባትን ላስቲክ እንኳ በመቀስ ነው የሚቆርጣት፣ ያውም ክንዱን ከራሱ አርቆ። ጺሙንም ያሳደገው ምላጭ ፊቱ አጠገብ እንዳይደርስ ብሎ ነው። ለምን እንደሚፈራ ስጠይቀው «ተይኝ መዲና» ይላል። ልጃችን ኢስራ አድጋ እስክትዳር ድረስ መልሱ ይኸው ነበር።

ጁምዓ ጁምዓ ጺሙን ቅባት እቀባዋለሁ። ባለፈው ክረምት እንደልማዴ ስቀባው ከመንጋጋው ሥር፣ አንገቱ ላይ፣ ጠጠር ያለ ነገር ጣቴን ነካው። ሽንብራ ቢያክል ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«እባጭ ነው፣ ይጠፋል።»

አልጠፋም። መስቀል ሲያልፍ ሎሚ አክሏል። ጺሙ ስለሸፈነው ከእኔ በቀር ያየው አልነበረም። እኔን ግን እህል አልወርድ አለኝ። ሲስል እደነግጣለሁ፣ ዝም ሲልም እደነግጣለሁ። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ በመጨረሻም «ለኢስራ ደውዬ እነግራታለሁ» ብዬ አስፈራርቼ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ጺሙን ገለጥ አድርጎ ዳበሰው፣ ምርመራ አዘዘ፣ ውጤቱን አየና ወንበሩን ወደ እኛ ሳብ አደረገ።

«አባቴ፣ ይሄ ነገር መውጣት አለበት» አለ። «አሁን ላይ ላዩን ነው። ወደ ደም ሥሩ ከገባ ግን እኛም አንደፍረውም። ሐሙስ ይምጡና እናውጣው። ጺምዎን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ይምጡ።»

ሀምዱ «እሺ» አለ። እሺ ያለበት ድምፅ ግን የሱ አልነበረም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ጺሙን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጦ ነበር። ከመኪናው ገና ከመውረዳችን «አልሄድም መዲና፣ አላህ ያለው ይሆናል» አለኝ።

«አላህ ሰበብ አድርሱ ብሏል!» ብዬ መሃል መንገድ ላይ ጮህኩበት።

መጀመሪያ በሰው አመካኘ። «ጺሜን ተላጭቼ መስጊድ በየት ዓይኔ እገባለሁ?» አለ። እኔም ወደ እውነተኛው ሼህ፣ ወደ መስጊዳችን ኢማም ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ለሕክምና ከሆነማ ነፍስ ይቀድማል፣ ጺም መልሶ ይበቅላል» ብለው አሰናበቱኝ። ይህን ስነግረው ሌላ ማመካኛ አጣ። ማክሰኞ እጁን ይዤ ጸጉር ቤት አስገባሁት። ወንበሩ ላይስ ደህና ተቀመጠ። ጸጉር ቆራጩ ልጅ ጨርቁን አንገቱ ላይ ሲያስርበት ግን ከነጨርቁ ተነስቶ ወጣ፤ ጨርቁን እኔ ነኝ ይቅርታ ብዬ የመለስኩት።

ረቡዕ ነጋ፣ ለሐሙስ አንድ ቀን ቀረ። እኔ ደግሞ የማደርገው ጠፋኝ። ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ጋሼ ወርቅአፈራሁ ትዝ ያሉኝ። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ግቢያቸው ውስጥ መስታወት ሰቅለው፣ ፊታቸውን አረፋ አልብሰው፣ እያፏጩ ሲላጩ አያቸዋለሁ። ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የእባጩንም የፍርሃቱንም።

«ሀምዱ? ሼህ ሀምዱ ምላጭ ይፈራል?» አሉ፤ ሊስቁ ብለው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «በይ ውሃ ጣጂ፣ መጣሁ።»

ከዙህር ሶላት በኋላ መጡ። መስታወታቸውን፣ አንድ ኩባያ፣ ሳሙና፣ ብሩሽና ከብረት የተሠራ አሮጌ መላጫ ይዘው ነበር። መላጫውን ሀምዱ ፊት ፈቱት። ምላጩን መሃል አስገብተው አናቱን መልሰው አጠበቁት።

«እየው ሀምዱ፣ ይሄ እንደ ሰንጢ አይደለም» አሉት። «ብረቱ ምላጩን አቅፎ ይዞታል። ብቅ የምትለው ጫፏ ብቻ ናት። ቆዳ ይቧጥጥህ እንደሆን እንጂ ጠልቆ አይገባም።»

ሀምዱ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። «ሌላ ሰው አይነካኝም» አለ። «መዲና ትያዘው።»

ወይ ጉዴ! እኔ ዶሮ እንኳ የበለትኩት አግብቼ ነው። ግን እሺ አልኩ፤ እምቢ ብል ይነሳል። ረጅሙን በመቀስ ቆረጥኩለት። ጺሙ ጭኔ ላይ ሲወድቅ እንባዬ አብሮ ወረደ፤ እንዳይረገጥ ሰብስቤ የግቢው ጥግ ላይ ቀበርኩት። ጋሼ ወርቅአፈራሁ ሙቅ ውሃ የነከሩትን ፎጣ ፊቱ ላይ አደረጉለት፣ «ጸጉሩ ይለስልስ፣ ደረቅ ጺም ምላጭ ይጎትታል» እያሉ። ብሩሹን ሳሙናው ላይ አዙረው አዙረው ወፍራም አረፋ አወጡና ጉንጩን ቀቡት።

«አሁን ቆዳውን በግራ እጅሽ ወጠር አድርጊ» አሉኝ። «መላጫውን ዘንበል። ጸጉሩ ወደሚሄድበት ወደ ታች። እንዳትጫኚው! ክብደቱ ይበቃዋል። አጭር አጭር እያደረግሽ ውሃ ውስጥ ንከሪው።»

«ቢስሚላህ» ብዬ ጀመርኩ። ቀኝ ጉንጩ ላይ ችርር አለ። አረፋው ተገፎ ቆዳው ወጣ፤ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ፣ ፈዛዛ ቆዳ። ይህን ያህል አብረን ኖረን የባሌን ጉንጭ አላውቀውም ነበር። ሀምዱ ዓይኑን ጨፍኖ የበርጩማውን ጠርዝ ጨብጧል። እጁ ነጭ ሆኗል። እስከ መንጋጋው ደህና ወረድኩ። ወደ አንገቱ ስደርስ ግን እባጩ ትዝ አለኝ፤ እሱን ብነካውስ ብዬ እጄን ስሰበስብ መላጫው ወደ ጎን ሸርተት አለብኝ።

ደሙ ጥቂት ነበር። ነጭ አረፋ ላይ ግን ብዙ መሰለ። ሀምዱ ዓይኑን ገለጠ፣ መስታወቱን አየ፣ በርጩማውን ገልብጦ ተነሳና በሩን በርግዶ ወጣ።

እኔም ተከትዬው ሮጥኩ። «ሀምዱ! ኧረ በአላህ!» እላለሁ። እሱ ግማሽ ጺም፣ ግማሽ አረፋ፣ አንገቱ ላይ ደም፤ እኔ ከኋላው ምላጭ ይዤ። የማዶ ጎረቤታችን ቡዜ ከደጇ ብቅ ስትል ይህን አየች።

«ኡኡ! መዲና ሼሁን ልታርዳቸው ነው! ኧረ የሰው ያለህ!»

መንደሩ ወጣ። ቆሜ ማስረዳት አልቻልኩም። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሱቁ ድረስ ተከተልኩት፤ ከአሮጌ ጎማዎቹ ጀርባ ተቀምጦ አገኘሁት። መላጫው እጄ ላይ እንዳለ ያኔ ገባኝና ከኋላዬ ደበቅሁት።

«ተውፊቅን ነግሬሽ የለ?» አለኝ።

«ታናሽ ወንድምህን? በልጅነቱ ታሞ የሞተውን?»

«ታሞ አይደለም የሞተው።» ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ሐርቡ እያለን ሳል ያዘው፤ እንጥሉ ወርዷል ተባለ። እንጥል ቆራጭ ተጠራ። ተውፊቅን በጋቢ ጠቅልለው አስቀመጡት፤ እኔን ታላቅ ነህ፣ ራሱን ያዝ አሉኝ። ያዝኩት። ጠንክሬ ያዝኩት መዲና። ጉሮሮው ውስጥ በምላጭ ቆረጡት። ደሙ አልቆም አለ። ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር፣ ልቀቀኝ ማለቱ ነው። ልቀቀው ያለኝ ሰው ስለሌለ እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቅሁትም።»

አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስንት ዓመት በአንድ ትራስ ተኝተን ይህን ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እያልኩ ስቄበት አውቃለሁ። ግን ወዲያው ንዴቴም መጣ፣ እኔ እንዲህ ነኝ።

«አንተ ፈርተሃል፣ ልክ ነህ» አልኩት። «እኔስ? ያ ነገር አንገትህ ውስጥ ሲያድግ ቁጭ ብዬ የማይ እኔ አልፈራም? ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዛሬ ምን ያህል ሆኖ አገኘው ይሆን እያልኩ ቅባቱን ይዤ እቆማለሁ። ተውፊቅን ሳትፈልግ ይዘህ ቀረህ፤ እኔን ደግሞ ሞቴን ይዘሽ ቁጭ በይ ልትለኝ ነው?»

ሀምዱ እጁን ዘረጋ።

«ወዲህ በይው» አለኝ። «ሰው ሲይዘው እጁ የት እንደሚቆም አላውቅም። እኔ ልያዘው።»

ስንመለስ ደጃችን ላይ ሰው ሞልቷል። ቡዜ «ሼህ ሀምዱ፣ ምን አደረገችዎት?» ብላ ቀረበች። ሀምዱ ቆመ። በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

«እኔ ሼህ አይደለሁም» አለ። «ምላጭ የምፈራ ጎሚስታ ነኝ። አንገቴ ላይ እባጭ ወጥቶብኛል፣ ነገ ይወጣልኛል ኢንሻአላህ። ዱዓውን እናንተ አድርጉልኝ።»

የሳቀ የለም። ቡዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አላህ ያሽርህ ወንድሜ» አለችው፣ ከ«እርስዎ» ወርዳ።

ጋሼ ወርቅአፈራሁ አዲስ አረፋ መትተው ጠበቁን። ሀምዱ መስታወቱ ፊት ተቀምጦ መላጫውን ራሱ ያዘው። አንዴ ይላጫል፣ ያርፋል፣ ጣቱን ያያል፣ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ጋሼ «ዘንበል... አትጫን... ጎበዝ» ከማለት በቀር አልነኩትም። ፀሐይ ዘወር እስክትል ድረስ ፈጀ። ፊቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ከጎኑ አገጩ ቀጭን ነው፣ ከንፈሩ ሥር ትንሽ ጠባሳ አለው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በየእንቅስቃሴው ትንፋሼን እይዛለሁ። እባጩ ያለበት ላይ ሲደርስ ግን መላጫውን አስቀመጠ።

«ይበቃል» አለ። እባጩ ላይ አንድ ጭብጥ የምታክል ጸጉር እንደቀረች ሁላችንም አየናት። ጋሼ ግን መስታወታቸውን አነሱ።

ሐሙስ ጠዋት ደሴ ገባን። ሲስተር ትህትና የምትባል ነርስ የሆስፒታል ልብስ አለበሰችው፣ አንገቱን ቀና አድርጋ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አባቴ፣ ይቺ ቀርታለች እኮ። ዶክተሩ የሚከፍተው እዚሁ ላይ ነው። ቶሎ ልላጭልዎት።» ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ እንዳይንቀሳቀሱ ራሳቸውን ይያዙልኝ።»

ልቤ ቀጥ አለ። ሀምዱ ፊቱ አመድ መሰለ። እጄን ወደ ራሱ ለመስደድ አልቻልኩም፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዓይኑ በሩን ሲያይ አየሁት። አሁን ይሮጣል፣ አሁን ይሮጣል፣ ከሮጠም አይመለስም አልኩ። በሩ ክፍት ነበር።

«ማንም አይያዘኝ» አለ።

«አባቴ፣ ቢንቀሳቀሱ እኮ...»

«አልንቀሳቀስም። ማንም አይያዘኝ። ከፈለግሽ ምላጩን ለሷ ስጫት፣ እሷ ትላጨኝ።»

ሲስተር ትህትና እኔን አየችኝ። እኔ ትናንት የቆረጥኩት ሰው ነኝ፣ ቁስሉ ገና ቀይ ነው። ምላጩን ተቀበልኩ። ሀምዱ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ዓይኑን አልጨፈነም፣ አንገቱን እኔ ፊት ወደ ላይ ዘረጋ። ምራቁን ሲውጥ እባጩ ከምላጩ ሥር ወጣ ወረደ አለ። «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ረሳሁት።

«አብሽሪ» አለኝ እሱ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ልቀቂኝ ካልኩ ትለቂኛለሽ።»

«እለቅሃለሁ፣ ወላሂ።»

ልቀቂኝ አላለም። ውሃ ነክሬ፣ ቆዳውን ወጥሬ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች አወረድኩት። ጸጉሯ ወደቀች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

አንገቱን በመዳፉ ዳበሰ። ከአልጋው ወረደና ጫማውን በእግሩ ፈለገ።

«በይ ልጄ፣ በየት በኩል ነው?» አላት። ሲስተር ትህትና የቀዶ ጥገናውን ክፍል በር ጠቁማው ጋሪውን ልታመጣ ስትዞር እሱ በእግሩ ቀድሟት ገባ።