«ደከም ብሎታል» የማይባልበት ክፍል

በነርሲንግ ኮሌጁ ሦስተኛ ፎቅ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ክፍል የሚመኘው መምህር አልነበረም። መስኮቱ አይከፈትም፤ አንዱ አምፖል እንደ ሰነፍ ተማሪ ሲለው ይነቃል፣ ሳይለው ይተኛል። ለመምህርቷ የደረሳት እሱ ነው። እሷም አልተከራከረችም፤ ማንም የማይወደውን ትምህርት ማንም በማይወደው ክፍል ማስተማር እንዲያውም የሚገጥም ነው ብላ ገባችበት። የምታስተምረው በሽተኛ ሲሞት ለቤተሰቡ እንዴት እንደሚነገር ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው «ይኼ ደግሞ ትምህርት ይሆናል?» ነው። ይሆናል እንጂ፤ ባይሆንማ ያን ያህል ሰው ባልወደቀበት ነበር። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ታስቀምጣለች። በአንዱ ተማሪው ነርስ ሆኖ ይቀመጣል፣ በሌላው እሷ የሟች እናት ወይ ሚስት ወይ ልጅ ሆና። የተማሪው ድርሻ የታወቀ ነው። ማን እንደሆነ ይናገራል፣ ሰውዬው እንዲቀመጥ ይጠይቃል፣ «ሞተ» የሚለውን ቃል ሳይሸፋፍን ያወጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ ቀድሞም አይነሳም። ሲያነቡት የሕፃን ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ተማሪው አፉን ሊከፍት ሲል እሷ ትቀድመዋለች፤ ዐይን ዐይኑን እያየች፣ በተሰበረ ድምፅ «ትንሽ ደከም ብሎት ነው፣ አይደል?» ትለዋለች። ሳሩን እንጂ ገደሉን ማን ያያል። አብዛኛው «አዎ፣ ትንሽ ደከም ብሎት ነው» ብሎ እፎይ ይላል። ያኔ ከወንበሯ ተነስታ «በል እንግዲህ፣ እውነቱን ሌላ ሰው ይንገራት» ትላለች። ትቆጣለች ብለው ሲጠብቁ አለመቆጣቷ ይበልጥ ያሳፍራቸው ነበር።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ተማሪ ሳለች አባቷ ሲሞት፣ ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ ፈተናዋን እስክትጨርስ ሆድ ይፍጀው ብሎ ደበቃት። ስትደውል «አባባ ትንሽ ደከም ብሎት ተኝቷል» ይላታል። እሷም እየሳቀች ተፈተነች፣ ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ተነሳች፤ ቤት ስትደርስ አባቷ ከተቀበረ ሰንብቷል። ጋሼ ባደረገው ነገር አንድም ቀን ተጸጽቶ አያውቅም። «ያኔ ብነግርሽ ትወድቂ ነበር፣ እታለም» ይላታል። እሷ ግን ያቺን ፎቶ እስካሁን ማየት አትችልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይሁንና በምድር ላይ ከጋሼ አስበልጣ የምትወደው ሰው አልነበራትም። ሩቅ ከተማ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ እየሰፋ ያስተማራት እሱ ነው፤ አባትም እናትም ሆኖ።

ኮሌጁ ከፊሉ ተማሪ ከያለበት በኦንላይን ይማር ብሎ ሲወስን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ያንቺ ቀላል ነው፣ ቀርጾ መልቀቅና መፈተን ብቻ ነው አላት። አመነችው። ክፍል ውስጥ የምትለውን ሁሉ ካሜራ ፊት ቁጭ ብላ ተናገረች፤ የምርጫ ጥያቄም አወጣች። በቀጥታ በሚገናኙበት ሰዓት ተማሪዎቹ ካሜራቸውን ስለሚዘጉ የምታየው ጥቁር በጥቁር ሳጥን ነው። ግድግዳ የምታስተምር እየመሰላት በየመሃሉ «አላችሁ?» ትላለች። መልስ የለም። ደግማ «አላችሁ?» ትላለች። በዚህ የተነሳ «እትዬ አላችሁ» የሚል ስም ወጣላት፤ ሰምታዋለች፣ አልጠላችውም። ፈተናውን ግን ሁሉም ደፈኑት።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ፈተናውን ከደፈኑት አንዱ፣ ለልምምድ በወጣበት ዋርድ ውስጥ፣ ልጇ ለሞተባት እናት «ትንሽ ደከም ብሎታል» አላት። እናትየዋ እየሮጠች ቤቷ ሄዳ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ተመለሰች። ፔርሙዙን አቅፋ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆማ ያገኘቻት ተለማማጆቿን ልታይ የመጣችው መምህርቷ ነበረች፤ እውነቱን የነገረቻትም እሷ። ተማሪውን አንዲት ቃል አልተናገረችውም። እሱ የተጠየቀውን ሁሉ መልሷል፤ መጠየቅ የነበረበትን ያልጠየቀችው እሷ ናት። ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ሲነጋ ለኃላፊው፣ እንዲህ ያለ ተማሪ በኔ ፊርማ አያልፍም፣ በኦንላይን ይህን ማስተማር ካልቻልኩ ኮርሱ ይቅር አለችው። እሱም እስኪ አንድ ሴሚስተር ሞክሪ አላት።

ኮርሱን እንደገና ስትሠራው ከመጨረሻው ጀመረች። ይህ ልጅ ከኔ ሲለይ ምን ማድረግ መቻል አለበት? እያሰበች ሳለ የገባት ነገር ራሷን አስገረማት። በዚህ ዘመን ለብዙው ቤተሰብ የሚነገረው በስልክ ነው፤ ሕመምተኛው አንድ ከተማ፣ ዘመዱ ሌላ ከተማ። በስልክ ደግሞ ፊት አይታይም። ስታማርርበት የከረመችው ጥቁር ሳጥን ለካስ ራሱ ሥራው ኖሯል። ቅጂውን አሳጠረችው፣ የምርጫ ጥያቄውን ጣለችው፣ የኦንላይን ተማሪዎቿን ተራ በተራ በስልክ መፈተን ጀመረች። ስልኳን ከክፍሉ ስፒከር ጋር አያይዛ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ በሩቅ ያለው ሲናገር በአካል ያሉት ያዳምጣሉ። የእነሱ ድርሻ ደግሞ ለሚነገረው ሰው ወንበር ማቅረብ፣ አጠገቡ መቀመጥና አፍ አለማብዛት ነው። በስልክ ዝም ማለት ይከብዳል፤ መስመሩ የተቆረጠ ይመስላል። ተጣርቶ መልስ ማጣትን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ሰውዬው እስኪበቃው ድረስ ስልኩን እንዳይዘጉ አጥብቃ ነገረቻቸው።

ከሁሉም ያስጨነቀቻት አንዲት የኦንላይን ተማሪ ነበረች። የምትኖረው እዚያው ጋሼ ያለበት ከተማ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያዋ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከድምፅዋ ጋር አብሮ ስለሚሰማ ክፍሉ «ዝናቧ» ብሏታል። መልኳን ያየ የለም። መናገር ከመጀመሯ በፊት ትንፋሿን ሳብ የማድረግ ልማድ አላት፤ መምህርቷ በዚያ ታውቃታለች። ሌላው ሁሉ ይቀናታል፤ «ደከም ብሎት ነው፣ አይደል?» ላይ ሲደርስ ግን ሁሌ ትወድቃለች።

«መምህር፣ ሰው ሲለምነኝ አልችልም» አለች አንድ ቀን።

«የሚለምንሽ ውሸቱን አይደለም፤ ብቻውን እንዳትተዪው ነው» አለቻት። «ውሸቱን ከልክዪው፣ አንቺ ግን ቆዪለት።»

በመጨረሻው ፈተና በጭንቅ አለፈች። መምህርቷ ፈረመች፤ ፈርማም አልተኛችም። ይህች ልጅ እውነተኛ ሰው ሲለምናት ምን ትሆናለች የሚለው ሐሳብ እንደ እሾህ ተሰንቅሮባት ቀረ። ልጅቷ በከተማዋ ሐኪም ቤት መቀጠሯን በሰማች ጊዜ ጭንቀቷ ባሰ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ በስልክ ስታጫውተው ሳቀ። ልቡን ካመመው ቆይቷል፤ ሲስቅ ያስለዋል።

«ልጅቷን ሰላም በይልኝ፤ በእጇ መውደቄ አይቀርም» አለ። «የኔ ቀን ሲደርስ ግን ‹ደከም ብሎታል› ትበልሽ። ያኔ ጣዕሙን ታውቂዋለሽ።»

«አታሟርት» አለችው፤ ወሬም ቀየረች።

በተከታዩ ሴሚስተር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ ሞልቶ፣ ስልኩ ከስፒከሩ ጋር ተያይዞ ተራ የደረሳት የኦንላይን ተማሪ ትጠበቃለች። ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ እሷ ትሆናለች ብላ አነሳችው። ትንፋሽ ሳብ ሲደረግ በስፒከሩ ተሰማ።

«መምህር፣ የምደውለው ከሐኪም ቤት ነው፤ ተረኛ ነርስ ነኝ» አለች ዝናቧ። «አሁን የት ነዎት? መቀመጥ ይችላሉ?»

ተማሪዎቹ ብዕር አነሱ። ልምምዱ የተጀመረ መስሏቸዋል፤ ቅደም ተከተሉ አንድ አልጎደለውም። ከፊት የተቀመጠው እንዲያውም «ጥሩ ጀምራለች» ብሎ ለጎረቤቱ አንሾካሾከ። መምህርቷ ግን ትንፋሹን ለይታዋለች፤ የዚህች ልጅ ፈተና ካለቀ ቆይቷል። ያ ጥያቄ ከየት እንደሚነሳና የት እንደሚያደርስ ያውቃል የሚባል ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ ያወጣችው እሷ ናትና። አልተቀመጠችም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ፣ ተማሪዎቿ ስንት ጊዜ በሰሙት በዚያ በተሰበረ ድምፅ ተናገረች።

«ጋሼ ነው? ትንሽ ደከም ብሎት ነው፣ አይደል?»

አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ወጥመዱ ተጣለ ማለት ነው፤ ልጅቷ ትገባበት እንደሆነ ሊሰሙ ጆሯቸውን አቀኑ። መምህርቷ ግን ወጥመድ አልጣለችም፤ እየለመነች ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የተጸየፈችውን ያንን ቃል አንዴ ቢሰጧት ሾርባ ሠርታ፣ ፔርሙዝ አቅፋ ያን ሁሉ አገር በእግሯ ታቋርጥ ነበር። ጋሼ ያኔ ለምን እንደደበቃት ገባት። ጣዕሙንም አወቀችው።

ትንፋሹ እንደገና ሳብ አለ።

«አይደለም፣ መምህር። ወንድምዎ ዛሬ ከምሳ በኋላ ሞቱ። አጠገባቸው ነበርኩ።»

ብዕሮቹ ቆሙ። ፊቷን ያዩት ሁሉ ልምምድ አለመሆኑ ገባቸው። አይዞሽ ያለ የለም፣ የተንጫጫም የለም። በወሬዋ ክፍሉን ስታስመርር የከረመችው ለፍላፊ ተማሪ ከኋላ ተነስታ ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን አመጣችላትና አስቀመጠቻት። ሌላውን ስባ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ቃል አልተነፈሰችም።

መምህርቷ አለቀሰች፤ ረጅም ጊዜ፣ ምንም ሳትደብቅ። ከስፒከሩ የሚመጣ ድምፅ የለም። ልጅቷን ሌላ ሕመምተኛ ጠርቷት ይሆናል፤ ኔትወርኩም እንደ ልማዱ ሄዶ ይሆናል። እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ መምህር» አለች ልጅቷ።