የጠፋችው «ከ»

እግሬ የተሰበረው ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ያኔ በንጉሡ ጊዜም ሳቁብኝ፣ ካረጀሁ በኋላም ይስቁብኛል፤ እኔም እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ፋብሪካ ይባል እንጂ መካኒሳ መንገድ ዳር የቆመ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ጥጥ ሞልተን የሰፋናቸውን ፍራሾች ጣራ ሊነኩ ትንሽ እስኪቀራቸው ድረስ እንከምራለን። ክምሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ ማስተካከል የእኔ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲሞክረው እንኳ አልፈቅድም ነበር። እዚያ ላይ ስቆም ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አንጋጦ ነው የሚያናግረኝ። ታዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ክምሩ ከሥሬ ዘመም አለና ሊሾው ላይ ዘጭ አልኩ። ያ ሁሉ ፍራሽ በሞላበት ቤት ውስጥ እኔ ያረፍኩት አንድም ፍራሽ ያልነበረበት ሲሚንቶ ላይ ነው።

የሰፈሩ ወጌሻ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። እግሬን ጎትተው፣ አስጩኸውኝ፣ በቀርከሃ ጠፍረው ሲያበቁ «አርባ ቀን መሬት እንዳትረግጥ። በአርባ አንደኛው ቀን ግን እንደ ጥጃ ትቦርቃለህ» አሉኝ። አመንኳቸው። አርባ ቀን ጎፋ ቤቴ እተኛለሁ፣ በአርባ አንደኛው ቀን ክምሬ ላይ እወጣለሁ፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

ጎረቤቶቼ ግን የየራሳቸውን ቀን ይዘው መጡ። «እግዜር ይማርህ» ብለው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ «ለመሆኑ ከምን ላይ ወድቀህ ነው?» ይላሉ።

«ከፍራሽ ላይ።»

ከዚያ የአንዱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ድንጋይ ፈላጭ የሆነው ጎረቤታችን ጭራሽ ምክር ጨመረበት፤ «እኔ ድንጋይ ላይ ወድቄ ማግስቱን ሥራ ገብቻለሁ። አንተ ለፍራሽ ሦስት ቀን መች አነሰህ?» አለኝ። ባለቤቴም ጓዳ ገብታ ስትንፈቀፈቅ ሰማኋት። ስጠራት ሳል ነው አለችኝ። ሳል እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የፋብሪካው ዘበኛ የባልደረቦቼን ፌዝና አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የፋብሪካችን ጸሐፊ ስለ አደጋው ለሥራ አስኪያጁ የጻፈው ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛው ፍራሽ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል።» ከሥሩ ሥራ አስኪያጁ በቀይ ቀለም «ፍራሽ ላይ የወደቀ ሰው እስከ ሰኞ ይነሣ። ካልተነሣ ሌላ ሰው ይቀጠር» ብሎበታል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ጮህኩ። «ከ» የለችም! ያ ጸሐፊ «ከፍራሽ ላይ ወድቆ» ብሎ መጻፍ ሲገባው «ፍራሽ ላይ ወድቆ» ብሎ፣ ከጣራ ሥር የወደቀውን ሰው አልጋው ላይ የተንጋለለ አስመሰለኝ! ሥራዬ በአንዲት ፊደል ሊሄድ ነው። እውነቱን ልናገርና ፈራሁ። ሌላ ሰው ክምሬ ላይ ቆሞ በሐሳቤ ታየኝና ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ባለቤቴ ወረቀቱን አስነብባኝ ስታበቃ መሳቋን ተወች። «ሰኞ በጋሪ እንሄዳለን» አለች።

ሰኞ ጠዋት እግሬን በጋሪው ጎን አንጠልጥዬ፣ በየጉድጓዱ «ወይኔ!» እያልኩ ፋብሪካው ደረስን። ጸሐፊውን «በል ‹ከ›ን ጨምርልኝ» አልኩት። መነጽሩን አወለቀና «የተፈረመበት ወረቀት ላይ ፊደል መጨመር ሰነድ ማበላሸት ነው» አለ። ያንን ብዕሩን ቀምቼ ብውጥበት ደስ ባለኝ። ስንጨቃጨቅ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከረባቱን እያስተካከለ ብቅ አለ።

«ጌታዬ፣ እኔ የወደቅኩት ከፍራሽ ላይ ነው እንጂ ፍራሽ ላይ አይደለም» አልኩት።

«ላይም ሆነ ከላይ፣ ፍራሽ ፍራሽ ነው» አለ። «ፍራሽ ሰው ይሰብራል ከተባለ ማን ይገዛናል? ቆይ፣ እኔ ራሴ ላሳይህ።»

ኮቱን ለዘበኛው ሰጥቶ ክምሩ ላይ መውጣት ጀመረ። ሠራተኛው ሁሉ መርፌውን ጥሎ ተሰበሰበ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ክምሩ ዘመም አለና ሰውዬው እጁን እያርገበገበ ቁልቁል መጣ። ታዲያ የእሱ ዕድል ሆኖ፣ ከሥሩ ያን ዕለት ጠዋት የተሰፉ ፍራሾች ተነጥፈው ነበር። ቧ አለ፣ ነጠረ፣ ደግሞ ቧ አለ። ጥጥ በጥጥ ሆኖ ተነሣና «አያችሁ? ምን ሆንኩ?» አለ። ጸሐፊው አጨበጨበ።

አለቀልኝ አልኩ።

ባለቤቴ ነጠላዋን አደገደገች። የተነጠፉትን ፍራሾች አንድ በአንድ እየጎተተች፣ ሊሾው ወለል ብሎ እስኪታይ ድረስ ወደ ጥግ አነሣቻቸው። ከዚያ እጅ ነሥታ፣ «ጌታዬ፣ ቅድም የወደቁት ፍራሽ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ከፍራሽ ላይ ይውደቁልን» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሊሾውን አየ። ቀና ብሎ ክምሩን አየ። ከረባቱን አስተካከለ። «ቀለም አምጣ» አለው ጸሐፊውን። ከ«ፍራሽ» ፊት አንዲት ትልቅ ቀይ «ከ» ጻፈ፤ «እስከ ሰኞ» የሚለውን ሰርዞ «ሲድን» ብሎ ጻፈበት። ጸሐፊው ዘመድ የሞተበት መሰለ። እኔ ደግሞ ባለቤቴን አቅፌ መሳም አማረኝ፤ ሰው ስለነበረ ተውኩት።

በአርባ አንደኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ወጌሻው አልዋሹም፣ እግሬ ድኗል፤ ትንሽ ወደ ውጭ ከመዞሩ በቀር። ስለ ልቤ ግን ቀን የቆረጠልኝ ሰው አልነበረም። ክምሩን ግማሽ ያህል እንደወጣሁ ባለሁበት ቀረሁ። ወደ ላይ መሄድ አልቻልኩም፤ ወደ ታች ማየትም አልቻልኩም። ፍራሹን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ አሁን ይስቃሉ፣ አሁን ይስቃሉ እያልኩ ጠበቅኩ።

ሳቅ አልመጣም። ከሥሬ የሚጎተት ነገር ድምፅ ሰማሁ። አጮልቄ ሳይ እነዚያ ሲያፌዙብኝ የከረሙት ባልደረቦቼ በክምሩ ዙሪያ ፍራሽ ያነጥፋሉ። ዕቃ የሚያስተካክሉ መስለው፣ ወደ እኔ ቀና ሳይሉ፣ ሊሾው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አነጠፉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጥጡ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁና ጫፉ ድረስ ወጣሁ።

ማታ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እንዴት ዋልክ?»

«ከፍራሽ ላይ ወረድኩ» አልኳት።

«ወደቅኩ ነው ያልከኝ?»

«ወረድኩ።»