አክስቴ ያልበላችው ዓሣ

ባለፈው ወር የቀበርናት አክስቴ ጅቡቲ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ በአንድ ቪላ ተቀጥራ ዓሣ ስታበስል ኖረች። ማታ ድርሻዋን ጠቅልላ፣ እሷ ጋ ለምናድገው ልጆች ታመጣልናለች። «አንቺስ?» ስንላት፣ «እዚያ በልቻለሁ፤ በሞቴ ብሉ!» ትለናለች። እሷ አፍ ሲገባ ያየሁት ግን ዳቦና ሻይ ብቻ ነው።

ለቅሶ ላይ አሠሪዋ መጥተው፣ «እኛ የበላነውን ስትበላ ነው የኖረችው» አሉ። ሰዉም አመሰገናቸው። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አብሬ አመሰገንኩ።

ሥራዬ የጥንት ሰዎችን አጥንት መርምሮ ምን ሲበሉ እንደኖሩ ማወቅ ነው። ዓሣ የበላና እህል ብቻ የበላ ሰው አጥንቱ ይለያል። አጥንት ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። የአክስቴን የሚመረምር ቢመጣ፣ «ይህች ሴት ባሕር አይታ አታውቅም» ይላል። የእሷን ዓሣ የሚያገኘው እኔ አጥንት ውስጥ ነው።