ደሳለኝ ድንጋይ የተሸከመ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ለማስታመም ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብቼ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይከራከሩ ነበር። አንዱ «ኅሊና የሌለው ሰው እንኳ አንድ ቀን ይጸጸታል» ይላል፤ ሌላው ይስቃል። «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዓይኔን ጨፈንሁ። ደሳለኝ ነበር ትዝ ያለኝ።

ያኔ ደብረ ታቦር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ የምኖረው ጋፋት፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ደሳለኝ ከአክስቴ ልጅ ከይርጋ ጋር አብሮ አድጓል። አንድ ዓመት፣ የገብስ መውቂያ ሰሞን፣ ደሳለኝ የጎረቤት ክምር አቃጠለ። ከዚያም ፍርድ ቤት ቆሞ «ያቃጠለው ይርጋ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ይርጋ ተፈረደበት። ጠብ እንኳ አልነበራቸውም። ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምክንያት ያለውም አይመስለኝም።

ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት እሳቱን ሲለኩስ አይታው ኖሯል፤ ዘግይታ ለሽማግሌዎች ነገረች። ደሳለኝ ሲጠየቅ አልካደም። እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ አክስቴ ደጅ ተንበረከከ። «ማሩኝ እናቴ! ሰኞ ፍርድ ቤት ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ» እያለ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹም አለቀሱ። አክስቴ ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለት፤ «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብለው ሳሙት። ከዚያ ሁላችንም፣ ያየችው ሴት ጭምር፣ ከእንግዲህ ነገሩን ላናነሳ በመስቀል ማልን። ዕርቅ ሲወርድ ወጉ ይኸው ነው። መሐላው ሰኞን መቅደሙ ግን ማናችንንም አላሳሰበንም።

ሰኞ ጠዋት አብረን ወደ ከተማ ወጣን። ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አርሶታል። ደሳለኝ አክስቴ ለመንገድ የሰጡትን የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ ወደ ገበያው ታጠፈ።

«ፍርድ ቤቱ በዚህ ነው እኮ» አልሁት።

«ምን ልሠራ?»

«ይርጋን ልታስፈታ ነዋ!»

«ነገሩን ላናነሳ ማልን አይደል እንዴ? መሐላ ላፍርስ?»

«አልቅሰህ ነበር እኮ!» አልሁት።

«አለቀስሁ። አክስትህ ደስ አላቸው አይደል?»

ማፌዙ አልነበረም። ምን አጠፋሁ ብሎ የሚገረም ሰው ፊት ነበረው።

አክስቴን ለዳኛው እንዲናገሩ ለመንኋቸው። «ማተቤን ልበጥስ?» አሉኝ። ሽማግሌዎቹም መሐላ አናፈርስም አሉ፤ እኔም ምዬ ነበርና ደፍሬ ዳኛው ዘንድ አልሄድሁም። ይርጋን ወህኒ ቤት ሳለ ተስቦ ገደለው። አክስቴ ከዚያም በኋላ ደሳለኝን ሰላምታ አልነፈጉትም፤ እስኪሞቱ ድረስ «አምላኬ፣ ልብ ስጠው» እያሉ ይጸልዩለት ነበር። እኔ ጸሎቱን አልቻልሁበትም፤ ብቻ አንድ ቀን ይጸጸት ይሆናል እያልሁ ስጠብቅ አረጀሁ።

ደሳለኝ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ሰውም ይወደዋል። በቅርቡ አንድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ያ ይርጋ በምን ነበር የሞተ?» አለኝ።

«በተስቦ፣ እስር ቤት» አልሁት። ፊቱ ላይ ትንሽ ድንጋጤ፣ ትንሽ ሐፍረት ፈለግሁ።

«አይ፣ ምስኪን! ጥሩ ልጅ ነበር» አለ፤ ያለውም ከልቡ ነው።

ተማሪዎቹን ዝም ያልኋቸው ለዚህ ነው። መልሱን ለመስማት ገና ልጆች ናቸው። የአክስቴ ጸሎት የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ደሳለኝ ዘንድ ግን አልደረሰም።