በሴቶቹ በር የገባሁበት ቤት

ኮምቦልቻ ላይ የግራ ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ሲቀር አላወቅኩም። አንዲት ሻይ ሻጭ «አባባ፣ ጫማዎ ቀረ እኮ!» ብላ ጮኸች። ያሾፈችብኝ መስሎኝ ሰደብኳት። ደህና ነኝ እንዳልኩ ወደቅኩ።

ሰዎች በመኪና ወደ ደሴ አወጡኝ። ሐኪሙ «ስትሮክ ነው፤ በአንጎልዎ ቀኝ በኩል ደም ሥር ተዘግቷል» አለኝ።

ግራ እጄ ዛለ። ይህን ማንም ያያል። ሌላው ነው ግራ ያጋባኝ። የሳህኑን ግማሽ በልቼ «ምግቡ አነሰ» ብዬ እቆጣለሁ። ሳነብ የመስመሩ መጀመሪያ የለም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ እየተሳቀብኝ ነው፤ እሱንም ወሰዱብኝ አልኩ። ማን እንደወሰደው እንጃ።

አንድ ቀን ሐኪሙ እርሳስ ሰጥቶ ያደግኩበትን ቤት እንድሥል ጠየቀኝ። ሰኞ ገበያ ሰፈር የነበረው ቤታችን ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ቢሆንም ዐይኔን ጨፍኜ የማውቀው ቤት ነው። እንደ ልማዴ በእንግዳ ቤቱ በር እንደገባሁ አድርጌ ሣልኩት። እህቴ ዘይነባ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«እማ የሞተችበት ክፍል የታለ?»

«የምን ክፍል?»

«ኧረ አላህን ፍራ!»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ክፍል አልነበረንም!»

አለቀሰች። እኔ ፈራሁ። ወይ እሷ አብዳለች፣ ወይ እኔ።

ሐኪሙ አልደነገጠም። «ኔግሌክት ይባላል። አንጎልዎ በግራዎ ያለውን ሁሉ ትቶታል። እስቲ በጓሮ በር እንደገቡ አድርገው ይሣሉት።»

«በዚያ በር ወንድ አይገባም፣ ዶክተር» አልኩት። ሥርዓታችን ነው፤ ወንዱ በእንግዳ ቤቱ በኩል፣ ሴቱ በጓሮ።

ዘይነባ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «ግባ ግዴለም፣ ፈቅጄልሃለሁ! ዛሬ እንኳ የእኛን በር እየው።»

በሐሳቤ ገባሁ። በቀኜ የእማ ክፍል። አልጋዋ። ምስማር ላይ መስገጃዋ። ክፍሏ እዚያው ነበረች። ሣልኳት። ወረቀቱን ሳይ ግን የአባባ እንግዳ ቤት የለም። አንድ ቤት በሁለት በር ገብቼ ሁለት ቤት አገኘሁ። እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲያ ለወራት ፊዚዮቴራፒ እየሠራሁ፣ ሶላት ስጨርስ በቀኝም በግራም ማሰላመት ሲገባኝ ወደ ቀኝ ብቻ ዞሬ የምነሳው ሰውዬ ዘይነባ ከኋላዬ «ግራህስ?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ አንገቴን ማዞር ለመድኩ፤ መስመሩንም ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ። አልሐምዱሊላህ። ማመስገን ብዙ አይሆንልኝም፤ ግን ለእሷም ለሐኪሙም አላህ ይክፈላቸው።

እናንተ አስታማሚዎች፣ የሰው ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ነገን አትጠብቁ። ዱዓው ወደ ሐኪም ቤት ስትወስዱት መኪና ውስጥም ይደረጋል። «ደህና ነኝ» ቢላችሁ አትመኑት። «የለም» ብሎ ቢምልባችሁ ግን ውሸታም አትበሉት። ለእሱ የለም።